የእሑድ በሽተኛ

እኔ እሑድን የምተኛው እንደ ሌላው ሰው ደክሞኝ ስወድቅ አይደለም። ተዘጋጅቼ ነው። ቅዳሜ ማታ ከፋብሪካ ስንመለስ ሌላው ሰው ጫማውን ወርውሮ ሲጋደም፣ እኔ ልብሴን አጠብኩ፣ ሦስቱንም ጀሪካን ሞላሁ፣ ሽሮዬን ሠርቼ ከደንኩ፣ አምስት ዳቦ ገዝቼ በላስቲክ ቋጠርኩ። ይሄ ሁሉ ልፋት እሑድ ጣቴን እንዳላንቀሳቅስ ነው። በደንብ መስነፍ ብዙ ሥራ አለው፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ነው ሰነፍ ነኝ እያለ በከንቱ የሚኩራራው።

ያ እሑድ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቼ ማታ ሦስት ሰዓት ነው የምወጣው። ማክሰኞ የሚጫን ቲሸርት አለ። የላይን ሰባት፣ የሰባተኛው የስፌት መስመር፣ ኃላፊ የወሊድ ፈቃድ ወጥታለች፤ በእሷ ቦታ ለሙከራ እንድቆም የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ማሽን፣ ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አሥራ አራት ሰዓት። ጭነቱን ካደረስኩ ቦታው የኔ ነው። ካላደረስኩ የሳምሪ ነው።

ሳምሪ ዲፕሎማ አላት። እኔ ያለኝ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ነው፤ እሱም ኮምቦልቻ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገኘው። ጠርዝ የሚዘመዝመው ኦቨርሎክ ማሽን ክር ሲበጥስ ግን ሳምሪ መካኒክ ትጠራለች። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ድምፁን እሰማና የትኛው ማጥበቂያ እንደላላ እናገራለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። መካኒኮቹ ሲፈቱ ከኋላቸው ቆሜ እያየሁ፣ ማታ ማታ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ የማሽኑን መመሪያ በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ሱፐርቫይዘራችን ሓየሎም ይሄን ያውቃል። ቅዳሜ ሲያሰናብተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ "ሀፊሳ፣ ተኝተሽ ነይ። ባለፈው ወር ማሽን ላይ ስታንጎላጂ አይቼሻለሁ። ለላይን ኃላፊ እንዲህ ያለ ነገር አልታገስም።"

አይቶኛል፤ ምን ልበል። ስለዚህ ያን እሑድ መተኛት ለኔ እረፍት አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር።

ሱብሒ ሰግጄ ተመልሼ ተጠቀለልኩ። ክፍሌ መቐለ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ ከሚወጣው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ፣ ከአራቱ ክፍሎች የመጨረሻዋ ናት። ቆርቆሮዋ ላይ ሚስማር የሳታት ቀዳዳ አለች። በእሷ የምትገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ሠርታ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከእሷ ሌላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳይኖር ነበር ያሰብኩት። እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ዳቦዬን ሳልነሣ እየቆረስኩ በላሁ። ፍርፋሪው አንገቴ ውስጥ ሲገባ እንኳ አላራገፍኩም፤ ነገ ይራገፋል አልኩ። ስልኬን ድምፁን አጠፋሁት። የሚያዛጋኝ እንቅልፍ መጥቶ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያቺ የፀሐይ ሳንቲም ዓይኔ ላይ ስትደርስ፣ ፊቴን ከማዞር ይልቅ ጥቁር ሻሼን ስቤ ግንባሬንና ዓይኔን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

አጉል ሥራ ሠራሁ። ወሎም ይወለድ መቐለ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ በቀን ራሱን በሻሽ አስሮ የተኛ ሰው ታሟል።

የግቢው ባለቤት ኣደይ ፍሬወይኒ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የክፍሌ በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ዛሬ አሠራለሁ ነገ አሠራለሁ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እያንኳኩ ነው የሚገቡት፤ ማለት ማንኳኳታቸውን ሲጨርሱ አልጋው አጠገብ ደርሰዋል።

"ዋይ ኣነ! ጓለይ! እንታይ ኮይንኪ?"

"ምንም አልሆንኩም ኣደይ። ተኝቼ ነው።"

"በዚህ ሰዓት? ራስሽን አስረሽ?" ብለው እጃቸውን ግንባሬ ላይ ጫኑት። ከውጭ የመጣ ቀዝቃዛ እጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ግንባር ላይ ሲያርፍ ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። "እሳት! እሳት ሆነሻል እኮ!"

"የብርድ ልብሱ ሙቀት ነው ኣደይ።"

"በሽተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ስቕ በሊ፣ ዝም በይ፣ አትድከሚ።"

ከዚያ በኋላ የሆንኩት ሁሉ የበሽታ ምልክት ሆነ። ዓይኔ ቀልቷል አሉ፤ የቀላው እሳቸው ስላነቁኝ ነው። ድምፄ ሻክሯል አሉ፤ የሻከረው ከንጋት ጀምሮ ስላልተናገርኩበት ነው። ተቆጣሁ። "ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት" አሉ ለግድግዳው። ከጸበል ቦታ ያመጡትን ውሃ በሃይላንድ ይዘው ነበርና አቀረቡልኝ። እኔ እስላም ነኝ አልኳቸው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዳልሰሙት ሁሉ። "ታዲያ በሽታው ምን ነው? ክርስቲያን ነው?" አሉና እንዳልጠጣ ከገባቸው በኋላ እፍኛቸው ላይ አፍስሰው ፊቴ ላይ እርጭ! ሻሼ ረጠበ፣ ትራሴ ረጠበ፣ ዳቦዬ ረጠበ። "ምሕረት የውርደልኪ" ብለው ወጡ። ተገላገልኩ ብዬ ትራሴን ገለበጥኩ። ለካስ የወጡት አጥሚት ሊሠሩ ነው።

እኛ አገር የታመመ ሰው ሕግ አለው። ባዶ እጅ አይገባበትም፤ ሳይቀመጡ አይወጣበትም። የተቀመጠም ሰው ዝም አይልም፤ በዚያው በሽታ የሞቱትን የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያነሣል፤ በሽተኛዋ እንድትጽናና።

ሁለተኛው ጠያቂ መምህር ይበልጣል ነው። ከጎጃም መጥቶ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ክፍል የሱ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት የቀረበት ለጥቂት እንደሆነ ለግቢው ሁሉ ነግሯል። በአንድ እጁ ሦስት ብርቱካን፣ በሌላው የሙቀት መለኪያ ይዞ ገባ።

"ብብትሽ ሥር አድርጊው።"

"መምህር፣ አላመመኝም። እየተኛሁ ነበር።"

"እንቅልፍ ማብዛትም አንዱ ምልክት ነው" አለና ወንበሬን ስቦ ተቀመጠ። መለኪያውን ሲያወጣው ሠላሳ ስድስት ከስድስት ይላል። አየው። አራገፈው። በመስኮቱ ብርሃን እንደገና አየው። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" አለ።

"እኔ ስላልታመምኩ ነው እንጂ እሱ አልተበላሸም።"

"በእኔ ግምት ታይፎይድ ነው። ታይፈስም አብሮት ሊኖር ይችላል። ሁለቱ አይለያዩም።" ከዚያ በታይፎይድ የሞተ አንድ የአጎቱን ልጅ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። የመጀመሪያው ማለት ልጁ የተወለደ ዕለት ነው። ኣደይ ፍሬወይኒ አጥሚቱን ይዘው ገቡና ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ተቀላቀሉን። ትኩሱን አጥሚት እየጠጣሁ አላበኝ። "አላባት!" አሉ። "ጥሩ ነው፣ እየለቀቃት ነው" አለ ይበልጣል።

እምላችሁ፣ ማልቀስ ቃጣኝ። ግን ካለቀስኩ ደግሞ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ለምሳ ወጡልኝ። ትራሴን በደረቁ በኩል አዞርኩ። ዓይኔን ከደንኩ። የሆነ ለስላሳ ነገር ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ሲመጣ ይታወቀኛል፤ ጉልበቴ ላይ ደረሰ፣ ወገቤ ላይ ደረሰ...

"ሀፊስዬ! ፈቃድ አስያዝኩልሽ!"

ብርቄ ናት። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይታለች። እኛው ፋብሪካ ካውያ ክፍል ነው የምትሠራው። አንድ ነገር ስታደርግልህ በግማሽ አታደርግም፤ ችግሯ እሱ ነው። ፊቷ በርቷል። አልጋዬ ላይ ዘጭ አለች።

"የምን ፈቃድ?"

"የሕመም ነዋ! ኣደይ ፍሬወይኒ ቅድም ካንቺ ጋ ሲወጡ ግቢው ውስጥ አግኝቻቸው ነገሩኝ። ወዲያው ሓየሎም ጋ ደወልኩ። ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሰጠሽ፣ ትሰሚያለሽ? እኔ አክስቴ ሞታ ግማሽ ቀን ነው ያገኘሁት።"

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። "ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?"

"ታይፎይድ። መምህር እንዳለው።" ጥፍሯን አየች። "ትንሽ ደግሞ ጨመርኩበት።"

"ምን ጨመርሽ?"

"ትውከት።"

"ብርቄ!"

"ደምም ያልኩ መሰለኝ። ታዲያ ራሷን አሟታል ብዬ ሦስት ቀን ይሰጠኛል ብለሽ ነው? አፌ ደርቆ እኮ ነው የለመንኩልሽ።"

"ላይን ሰባትስ?"

"ስለሱ አታስቢ። እዚያው ስልክ ላይ እንዳለን ለሳምሪ ሰጣት። ሁሉን ጨርሼልሻለሁ።"

ጨርሳልኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የማሽን ድምፅ እየሰማሁ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ የደረስኩበትን ቦታ ብርቄ በአንድ ስልክ ጨርሳልኛለች፤ ደግሞም ምስጋና ትጠብቃለች። ስንት መናገር የምችለው ነገር ነበረኝ! ምላሴን የሚያውቁ ያውቁታል። ግን ፊቷን ሳየው እንደ ልጅ ነው፤ እናቷ እጅ ላይ አበባ አድርጋ እንደምትጠብቅ ልጅ። ስልኬን አነሣሁ።

ሓየሎም በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። "ሀፊሳ? ደሓን ዲኺ? ለምን ከአልጋ ተነሣሽ?"

"ሓየሎም፣ አላመመኝም። ነገ እገባለሁ። ላይን ሰባትን መልስልኝ።"

ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል። "ብርቄ ደም ስታስታውክ በዓይኔ አየኋት አለችኝ።"

ብርቄን አየኋት። በዓይኔ የሚለውን አልነገረችኝም ነበር።

"ስለዚህ ብርቄ ዋሸችኝ ማለት ነው?" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "ንገሪኝ። በሐሰት ፈቃድ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ብርቄ በማርፈድ ሁለት አላት፤ ሦስተኛው መሰናበት ነው። እሷም ገብቷታል፤ ጥፍሯ አፏ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድ የምኮራበት ነገር ቢኖር ለአለቃ አለመዋሸቴ ነው። አብሮኝ የኖረውን ኩራት እዚያው አልጋ ላይ ዋጥኩት።

"አልዋሸችም። ጠዋት አሞኝ ነበር። አሁን ተሻለኝ።"

"ደም አስታውከሽ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተሻለሽ?"

"ደም አልነበረም። ቀይ ሥር ነው። ማታ ቀይ ሥር በልቼ ነበር።"

"ስሚ" አለ፣ "ሠላሳ ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጥበት ላይን ላይ ታይፎይድ አላስገባም። መሥራት ትችላለች የሚል ወረቀት አምጪ፤ ማህተም ያለው። ፎቶ አንሥተሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪልኝ። ካልላክሽ ላይኑ የሳምሪ ነው። ለነገ ብቻ አይደለም የምልሽ።"

ሰዓቱ ሰባት ነው። በእሑድ ክፍት የሆነ ክሊኒክ ሓወልቲ አካባቢ አለ። ብቻዬን በሩጫ ሄጄ እመለሳለሁ ብዬ ጫማዬን ሳጠልቅ ኣደይ ፍሬወይኒ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢ ይዘዋል።

"ሰው ታሞ ብቻውን ሕክምና ይሄዳል? እኛ ሰው አይደለንም?"

"ኣደይ፣ የምሄደው አለመታመሜን ለማስጻፍ ነው።"

"በሊ፣ እሺ። አብረን እናስጽፋለን።"

በዚያ ፀሐይ በጋቢ ጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ መሐል አስቀመጡኝ። ብርቄ በግራዬ፤ የሠራችው ነገር አላስቀምጥ ብሏታል። ኣደይ ፍሬወይኒ በቀኜ። ክንዴን የያዙበት አያያዝ ሌባ የተያዘ ይመስላል። "ወደይ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ በሽተኛ ይዘናል" አሉት ሾፌሩን። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ "እግዚኣብሄር ይምሓርኪ" አለኝ። አንድ ሙሉ ከተማ ሊያስታምመኝ ተነሥቷል።

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት።

"ኣደይ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ቢተኛ ምን አለበት? ምንስ ይጎድልባችኋል? አንድ ቀን! ከሰባት ቀን አንድ ቀን ተዉኝ ብል ምን ነውር አለው?"

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

"አንቺ ያለሽበት ክፍል ካንቺ በፊት አንድ ልጅ ነበረ" አሉ መንገዱን እያዩ። "የስኳር ሕመም ነበረበት። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ነው። በሩ ተዘግቶ አየሁ። ደክሞታል፣ ይተኛ አልኩ። በማግስቱም ይተኛ አልኩ።" ክንዴን አልለቀቁትም። "ከዚያ ወዲህ የሚተኛ ሰው አልወድም።"

ጋቢውን ማውለቅ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት።

ክሊኒኩ ሞልቷል። ካርድ አወጣን፣ ተራ ያዝን፣ ጣቴን ተወጋሁ፣ ውጤት ጠብቁ ተባልን። አግዳሚው ላይ የብርቄ ትከሻ ነበር። ጭንቅላቴን አሳረፍኩበት። ከዚያ ቀን ሁሉ እውነተኛ እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ነው፤ ሕፃናት እየጮሁ፣ ተራ ቁጥር እየተጠራ፣ አፌን ከፍቼ። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ኣደይ ፍሬወይኒ "ሀፊሳ! ሀፊሳ!" እያሉ በሁለት እጃቸው ሲንጡኝ ነቃሁ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሟል።

"አለሁ ኣደይ!" አልኩ። "እንቅልፍ ነው!"

"አውቃለሁ" አሉ። "ለማንኛውም ብዬ ነው።"

ያየችን ጤና መኮንን ደረቷ ላይ ኣሪያም የሚል ስም ለጥፋለች። በኔ ዕድሜ ብትሆን ነው። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ኩል የተቀባ ይመስላል።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

"ምኔንም።"

ቀና አለች። "ታዲያ ምን ልርዳሽ?"

"ምኔንም እንደማያመኝ ጻፊልኝ።"

"ደም አስታውካለች!" አሉ ኣደይ ፍሬወይኒ ከበሩ፣ ብርቄ የፈጠረችውን አምነው።

"ቀይ ሥር ነው!" አለች ብርቄ።

"ታይፎይድ ነው ብሏል አስተማሪው!"

"እናቴ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ" አለች ኣሪያም። በሩ ተዘጋ። ውጤቶቼን አገላበጠች። "ታይፎይድ የለም። ወባ የለም። ደምሽ ትንሽ አንሷል። ግፊትሽ ዝቅ ብሏል። ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?"

"ይለያያል።"

"ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?"

"ዛሬ ልተኛ ነበር።"

እስክሪብቶዋን አነሣች። "ሦስት ቀን እረፍት እጽፍልሻለሁ።"

"እንዳትጽፊ!" ጠረጴዛዋን በእጄ መታሁት፤ እኔም ደነገጥኩ።

"እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ" አለች ሳትቆጣ፣ "ምንም ሳይሆን ታሟል ብለሽ ጻፊልኝ ነው የሚለው። እንዲህ ገርጥታ ጤነኛ ነኝ የምትል አንቺን አየሁ።"

"አልታመምኩም። ደክሞኛል። መድከምና መታመም አንድ አይደሉም። ከጠዋት ጀምሮ ይሄን የሚሰማኝ ሰው ነው ያጣሁት። ደክሞኛል፤ ልተኛ አልኩ፤ አላስተኛችሁኝም። ነገ አሥራ አራት ሰዓት የምቆምበት ቦታ አለኝ። ዲፕሎማ ያላት ልጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። በእንቅልፍ ያገኘሁት ቦታ አይደለም፤ በእንቅልፍም አላጣውም።"

ቀጥ ብላ አየችኝ። ከዚያ የዓይኗን ጥግ በመዳፏ አሸች። "እኔ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ" አለች። "ተረኛው አልመጣም።" ወረቀት ሳበች። "ያላየሁትን አልጽፍልሽም። ያየሁትን እጽፋለሁ።"

የጻፈችው ይሄ ነው፤ ምንም ዓይነት ተላላፊ በሽታ አልተገኘባትም። ዛሬ ቀሪውን ጊዜ ፍጹም እረፍት ታድርግ። ከነገ ጀምሮ መሥራት ትችላለች። ማህተሙን አነሣች፣ እፍ እፍ አለችበት፣ በሙሉ ክንዷ ተጭና አሳረፈችው።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመን ፎቶውን ላክሁ። ሓየሎም መለሰ፤ "ማህተሙ ደብዝዟል። ደግመሽ አንሺው።" ብርቄ ወረቀቱን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ ፀሐይ ያዘችልኝ። ጥላዋ ገባበት። ኣደይ ፍሬወይኒ ጋቢውን ዘርግተው ንፋሱን ከለከሉ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ነው ማህተሙ ክብ ሆኖ የታየው። ላክሁ። ምንም የለም። ባጃጅ ውስጥ ገባን። ምንም የለም። ሳምሪ አሁን ነጭ ሸሚዟን ለነገ እየተኮሰች እንደሆነ በዓይኔ ታየኝ። ብርቄ መጸለይ ጀመረች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ለሁለታችንም ይበቃል።

ግቢው በር ላይ ስንወርድ ስልኩ ነዘረ።

"ላይን ሰባት ያንቺ ነው። ለሳምሪ ነግሬያታለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ተገኚ። ተኝተሽ ነይ ብዬሽ አልነበረም?"

ስልኩን መሬት ላይ ልፈጠፍጠው ነበር፤ በደስታም በንዴትም። ብርቄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ይበልጣል ወጣ። ወረቀቱን ተቀበለና ቆሞ ጮክ ብሎ ለግቢው አነበበው። "ፍጹም እረፍት" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሣ።

"ፍጹም ማለት" አለ፣ "ምንም ያልተቀላቀለበት ማለት ነው።"

"ማህተም አለው?" አሉ ኣደይ ፍሬወይኒ፣ ሲመታ በጆሯቸው ሰምተው፣ ሦስት ጊዜም ፎቶ ሲነሣ ከልለው።

"አለው።"

"እንግዲያ አለቀ።"

ከጠዋት ጀምሮ በአማርኛም በምናምኑም ስናገር የዋልኩትን አንድ ክብ ሰማያዊ ቀለም ሲናገረው ሰሙት። እንኳን ማረሽ ሊሉ ብቅ ያሉትን ሁሉ ኣደይ ፍሬወይኒ ከደጅ መለሱ። ወረቀቱን የክፍሌ በር ላይ በሚስማር ሰቀሉት። እኔ ገባሁ፣ ተጋደምኩ፣ ዓይኔን ከደንኩ። አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ብዙ ጊዜ አለኝ።

ዝምታ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ግቢ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የጎረቤት ሬዲዮ ጠፋ። ባልዲ የሚያስቀምጥ ሰው ባልዲውን እንደ እንቁላል ነው የሚያሳርፈው። ከዚያ ሹክሹክታው መጣ። ሹክ፣ ሹክ፣ ሹክሹክ። ትንሽ ቆም። ሹክ። ሰው ሲጮህ እተኛለሁ፤ ሠላሳ ሁለት ማሽን አጠገብ የሚያንጎላጅ ሰው ጩኸት አይከብደውም። ሹክሹክታ ግን ጆሮዬን ይጎትተዋል። ስለኔ ነው። ቀይ ሥሩን እያነሱ ነው። ወይስ ሌላ ነገር አግኝተውብኛል? ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። በግራ ተኛሁ፣ በቀኝ ተኛሁ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሆንኩ።

ተነሥቼ በሩን በረገድኩት። ሦስቱም ደጃፌ ባለችው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት።

"ሽሽሽ" አሉ ኣደይ ፍሬወይኒ። "ተኚ።"

"ምንድነው የምታንሾካሹኩት?"

"ምንም" አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

"ስለኔ ነው።"

"ስላንቺ አይደለም። ስለ ውሃ ነው። የሰፈራችን ፈረቃ መቼ ነው እያልን ነው።"

"ታዲያ ስለ ውሃ ከሆነ ጮክ ብላችሁ አታወሩትም?"

"ወረቀቱ" አለ ይበልጣል በሹክሹክታ፣ "ፍጹም እረፍት ይላል።"

"ፍጹም ዝምታ ይላል?"

ይበልጣል ተነሣ። መነጽሩን አስተካከለ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ማህተሙንም ጭምር።

"አይልም" አለ በሙሉ ድምፁ።

"በሉ እንግዲህ አውሩ። እንደ ሰው አውሩ፣ ተጣሉም፣ ሬዲዮውንም ክፈቱት። እኔን ግን እንዳትጠይቁኝ፣ እንዳትቀሰቅሱኝ፣ ምንም እንዳታቀምሱኝ።" በሩን ሳልዘጋው ተመልሼ ወደቅሁ። ከተኛሁበት ሆኜ የኣደይ ፍሬወይኒ ጀርባ ይታየኛል፤ እሳቸውም ዞር ካሉ እኔን ያዩኛል።

ከዚያ ኣደይ ፍሬወይኒ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማክሰኞ ነው አሉ። ይበልጣል ሐሙስ ነው አለ። ካርታ እንዳለ ሁሉ መስመሩ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ ማስረዳት ጀመረ። ኣደይ ፍሬወይኒ ሠላሳ ዓመት በዚህ ግቢ ኖሬ አንተ ነህ ስለ ውሃዬ የምትነግረኝ አሉት። ድምፃቸው ወጣ። የአንዱ ቤት ሬዲዮ ተከፈተ። ባልዲ መሬት ላይ ሲወረወር ተሰማ። ብርቄ በሁለቱ መሐል ገብታ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ እኔ ራሱ ውሃውን ከሚከፍተው ሰውዬ ነው የሰማሁት አለች። መቼ ነው አለሽ ሲሏት ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም።